በሰው አዳራሽ መናገር

በየኅብረታችሁ ይህን አቤቱታ ሳትሰሙ አትቀሩም፦ «ገጻችን ተዘጋ፤ የለጠፍነው መዝሙር ተነሣ፤ ስለ ጌታ እንዳንናገር አፋችንን ያዙን።» ከዚያ «ሳንሱር» የሚለው ቃል ይከተላል፤ ጥቂት ቆይቶም «የመጨረሻው ዘመን» የሚለው። አቤቱታውን ላጣጥል አልተነሣሁም፤ በእኛም መዘምራን ላይ ደርሷልና። ግን «ተከለከልን» ከማለታችሁ በፊት ሁለት ነገር እንድትጠይቁ እለምናችኋለሁ፦ የከለከለን ማን ነው? ስንከለከልስ የቆምነው በማን ቤት ነው?

የሕገ መንግሥታችንን አንቀጽ 29 ያነበበ ወጣት በየኅብረቱ ቢያንስ አንድ ይኖራል ብዬ አምናለሁ፤ ከሌለ ዛሬ ማታ አንብቡት። ሐሳብን መያዝና በነጻነት መግለጽ የሁሉ ሰው መብት እንደ ሆነ፣ በፕሬስም ላይ ቅድሚያ ምርመራ የተከለከለ እንደ ሆነ ይደነግጋል። ብዙዎች የሚዘሉት ግን አንቀጽ 13ን ነው። በዚያ ምዕራፍ የተዘረዘሩትን መብቶች የማክበርና የማስከበር ኃላፊነት የሚጥለው በፌዴራልና በክልል የሕግ አውጪ፣ የሕግ አስፈጻሚና የዳኝነት አካላት ላይ ነው። ካሊፎርኒያ ተቀምጦ ስልካችሁ ላይ መድረክ የዘረጋ ኩባንያ በዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። በአሜሪካም ቢሆን ያው ነው፤ ሁሉ የሚጠቅሰው የመጀመሪያው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ የሚያስረው የመንግሥትን እጅ ነው፤ ባለ አዳራሹን አይነካም።

ይህ የጠበቃ ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ሥልጣን ያለው ኃይል አፍ ሲይዝ ምን እንደሚመስል እኛ የወላይታ ልጆች ከአያቶቻችን ሰምተናል። ሚስዮናውያን በ1920 ዓ.ም. ወደ ሶዶ መጥተው ሥራ ከጀመሩ በኋላ ጣልያን ገባ፤ በ1929 ዓ.ም. ለቀው እንዲወጡ ተገደዱ። የተዉአቸው አማኞች 48 ያህል ነበሩ፤ በእጃቸው የነበረው ደግሞ የማርቆስ ወንጌልና ጥቂት የመጽሐፍ ክፍሎች። ጸሎት ቤት ፈረሰ፤ እንደ ዋንዳሮ ያሉ መሪዎች ታሰሩ፣ ተገረፉ። ጣልያን ወጥቶ ሚስዮናውያኑ ሲመለሱ ያገኙት ምእመን ግን ወደ 10,000 የሚጠጋ ነበር። በደርግ ዘመንም የጸሎት ቤቶች በር ታሸገ፤ መዝሙር በካሴት ከእጅ ወደ እጅ አለፈ። ብዙዎቻችሁ ሳትወለዱ ደግሞ፣ ወላይትኛን፣ ጋሞኛን፣ ጎፍኛንና ዳውሮኛን ቀይጦ የተሠራው «ወጋጎዳ» የሚባል የመማሪያ ቋንቋ ወደ ክፍል ሲገባ፣ በኅዳር 1992 ዓ.ም. የሶዶ ሕዝብ አደባባይ ወጣ። ሰው ሞተ፤ ብዙዎች ታሰሩ፤ መጽሐፉም በመጨረሻ ተነሣ።

በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ከልካዩ መልክ ነበረው። የት እንደሚቀመጥ ይታወቅ ነበር። ሽማግሌ ይላክበታል፤ ይለመናል፤ ይከሰሳል፤ ካልሆነም እርሱ ያልፋል፤ ሥርዓት ይለወጣል።

አሁን የእኛን መዘምራን ነገር ልንገራችሁ። የመድረኩን ስም አልጠራም፤ ስሙ ቢጠራ ክርክሩ «እርሱን ትተን ወደ ሌላው እንሂድ» ወደሚል ይወርዳልና። ሦስት ዓመት ሙሉ መዝሙሮቻችንን፣ አብዛኛውን በወላይትኛ፣ በአንድ ገጽ ላይ ስናኖር ቆየን። የአንድ ቅዳሜ ማታ ልምምድ ሲያበቃ አንዱ ስልኩን ከፈተ፤ ገጹ የለም። የማኅበረሰቡን ደንብ ጥሳችኋል የሚል አንድ መስመር በእንግሊዝኛ ተቀምጧል። የትኛውን ደንብ? በየትኛው መዝሙር? አይልም። ይግባኝ የሚል ቁልፍ ስለ ነበረ ተጫንነው። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ውሳኔው ጸንቷል ተባልን። በሁለት ደቂቃ! ከመዝሙሮቻችን አጭሩ እንኳ ሰባት ደቂቃ ነው።

የዚያን ማታ ስሜታችሁን መገመት ትችላላችሁ። አንዷ «ጠላት ነው» አለች። ሌላው «ጎረቤት ያለው ቤተ ክርስቲያን ነው የጠቆመብን» አለ፤ ይኼኛው ከመጀመሪያው ይልቅ አስፈራኝ። ሳውንድማናችን ግን ገመዱን እየጠቀለለ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ፦ «እዚያ ወላይትኛ የሚያነብ ሰው አለ እንዴ?»

በዚያ ማታ ከተባለው ሁሉ የሚረባው ይህ ነበር። ወላይትኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው፤ «ጠ»ን በእንግሊዝኛው ኤክስ እንጽፋታለን። ስለ በጉ ደም፣ ስለ ጦርነት፣ ስለ ጠላት መውደቅ የሚዘምር መዝሙር በዚያ ፊደል ተጽፎ ቋንቋውን ያልተማረ ማሽን ፊት ሲቀርብ ምን መስሎ እንደሚታይ አስቡ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ፍራንሲስ ሃውገን የተባለች የቀድሞ የፌስቡክ ሠራተኛ በእንግሊዝ ፓርላማ ቀርባ ስለ እኛ አገር መስክራ ነበር፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ስድስት ቋንቋዎች አሉ፣ የኩባንያው የደኅንነት ሥርዓት የሚደግፈው ግን ሁለቱን ብቻ ነው አለች። (ስድስት ማለቷ ራሱ ፈገግ ያሰኛል፤ ከሰማንያ በላይ ቋንቋ የሚነገርበት አገር ልጆች ነን።) በዚያው ወር መጨረሻ ኩባንያው መግለጫ አወጣ፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛና በሶማልኛ የሚጻፈውን መመርመር እንደሚችል ገለጸ። ወላይትኛ አልተጠቀሰም። የእኛን ገጽ የዘጋው ይኸው ኩባንያ ነው ማለቴ እንዳልሆነ ያዙልኝ፤ የምለው ትልቁና ሀብታሙ እንዲህ ከሆነ ሌላውን አስቡት ነው።

እስካሁን ያወራሁት ስለ መዝጋት ነው። አለመዝጋትም አለ።

ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር ነበሩ፤ ትግራዋይ ነበሩ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ በሰሜን ጦርነቱ በተፋፋመበት ወቅት፣ ስማቸውንና ፎቷቸውን የያዙ የሚወነጅሏቸው ጽሑፎች በፌስቡክ ላይ ወጡ። ልጃቸው አብርሃም ጽሑፎቹ እንዲነሡ ለኩባንያው እንዳመለከተ ይናገራል። ጥቅምት 24 ቀን ፕሮፌሰሩ በቤታቸው ደጃፍ በጥይት ተገደሉ። አብርሃም እንደሚለው ኩባንያው ከጽሑፎቹ አንዱ ደንቡን መጣሱን ያሳወቀው ከግድያው ስምንት ቀን በኋላ ነው።

በዚያው ሳምንት ምን እንደ ተደረገ ታስታውሳላችሁ? ጠቅላይ ሚኒስትራችን ጥቅምት 21 ቀን በገጻቸው ላይ ያወጡትን ጽሑፍ ይኸው ኩባንያ ዓመፅን ይቀሰቅሳል ብሎ አነሣው። መነሣት ነበረበት ወይስ አልነበረበትም የሚለውን በኅብረታችሁ ተከራከሩበት፤ የእኔን ዐይን የያዘው ሌላ ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ የአንድን አገር መሪ ቃል ከሕዝቡ ፊት ለማንሣት አቅም የነበረው ኩባንያ ለአንድ የኬሚስትሪ መምህር ልጅ መልስ የሚሰጥ ሰው አልነበረውም። ዓለም የሚያየው ጽሑፍ ቶሎ ይታያል፤ የቀበሌ ሰው የሚያየው ወረፋ ይጠብቃል። ቀበሌ ግን ሰው የሚገደልበት ቦታ ነው።

አብርሃም ነገሩን አልተወውም። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ከሰብዓዊ መብት ተሟጋቹ ከፍስሐ ተክሌና ካቲባ ከተባለ የኬንያ ተቋም ጋር ሆኖ ናይሮቢ በሚገኘው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ኩባንያውን ከሰሰ። ናይሮቢ የሆነው ለዚህ አካባቢ ቋንቋዎች የሚለጠፈውን የሚመረምሩት ሠራተኞች በሥራ ተቋራጭ በኩል እዚያ ይሠሩ ስለ ነበር ነው። ኩባንያው ይህ ፍርድ ቤት እኔን ለማየት ሥልጣን የለውም ብሎ ተከራከረ። መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ማየት እችላለሁ አለ። ከሳሾቹ ከሚጠይቁት ውስጥ ቋንቋዎቹን የሚያውቁ በቂ ሠራተኞች እንዲቀጠሩ የሚል ይገኝበታል። «ሳንሱር ይብቃ» የምትሉ ወጣቶች ይህን ክስ እንደ ጠላት እንዳታዩት፤ ሳውንድማናችን ገመድ እየጠቀለለ የጠየቀውን ነው እነርሱ በፍርድ ቤት የጠየቁት።

«እንግዲያው ቁልፉን መንግሥት ይያዘው» የሚል ሰው ሁልጊዜ አለ፤ በእኛም ውይይት ላይ ነበረ። ሕጉ አስቀድሞ መንገድ ጀምሯል። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃን ስርጭት ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የማኅበራዊ ሚዲያ አገልግሎት ሰጪው ጥቆማ በደረሰው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሣ ያዝዛል። ሐሳቡ የመዓረግን ቤተሰብ ሊጠቅም ይችል ነበር፤ አይካድም። ነገር ግን ወላይትኛ የማያውቅ ኩባንያ በ24 ሰዓት ውስጥ ውሳኔ ስጥ ሲባል ምን ያደርጋል? ለራሱ ደኅንነት ብሎ ሁሉንም ያነሣል፤ የእናንተን መዝሙር ጨምሮ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ደግሞ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ፌስቡክ ጽሑፎችን እያነሣብን ነው ብሎ የአገር ውስጥ መድረክ እየተሠራ መሆኑን አስታወቀ። ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ፌስቡክ በሐሰተኛ አካውንቶች የሚሠራ አንድ መረብ ዘግቶ፣ መረቡን ከዚሁ መሥሪያ ቤት ጋር ግንኙነት ካላቸው ሰዎች ጋር አያይዞት ነበር። እንዲህ ሲባላ የቆየ ሁለት ባለ ቁልፍ መካከል የቆመ ሰው ለየትኛው ይደግፍ?

ከየካቲት 2 እስከ ሐምሌ 10 ቀን 2015 ዓ.ም. የሆነውን ሁላችሁም ኖራችሁታል። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በተነሣው ችግር ሰበብ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክ ለአምስት ወር ያህል በአገሩ ሁሉ ታገዱ። ጉዳዩ የእኛ ቤተ እምነት አልነበረም፤ እገዳው ግን ቤተ እምነት አልመረጠም። ቪፒኤን የሚለውን ቃል ያን ጊዜ አያቴም አወቁት። ስለዚህ የኩባንያውን ቁልፍ ወስዶ ለቢሮ መስጠት ለእኔ መፍትሔ አይመስለኝም፤ ኩባንያው ገጻችሁን ይዘጋል፤ ቢሮው ግን አገሩን መዝጋት ይችላል።

ከሕግ መጻሕፍት አንድ ታሪክ ላካፍላችሁ፤ ለእኛ ስለሚቀርብ። አላባማ ውስጥ ቺካሶ የምትባል አንዲት ከተማ ነበረች። መንገዱም ሱቁም ቤቱም የአንድ የመርከብ ሠሪ ኩባንያ ንብረት ነው። ግሬስ ማርሽ የተባለች የይሖዋ ምስክር ከፖስታ ቤቱ አጠገብ ባለው የእግረኛ መንገድ ላይ ቆማ የሃይማኖት ጽሑፍ ስታድል፣ ይህ የግል ንብረት ነው ውጪ ተባለች፤ እንቢ ስትል ተከሰሰች። እ.ኤ.አ. በ1946 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለእርሷ ፈረደ። ባለ ንብረቱ ንብረቱን ለሕዝብ በከፈተው መጠን የተጠቃሚው ሕዝብ መብት እየተጫነው ይመጣል የሚል ነበር የፍርዱ መንፈስ። በትምህርት ከይሖዋ ምስክሮች ጋር የምንለያይ መሆናችን የታወቀ ነው፤ ለእርሷ የተከፈተው መንገድ ግን ለወንጌላውያኑም መንገድ ነው። በኋላ ያሉ ፍርድ ቤቶች ይህን ፍርድ አጠበቡት። እ.ኤ.አ. በ2020 የዩቲዩብን ጉዳይ ያየ የይግባኝ ፍርድ ቤት፣ ሕዝብ ስለሚጠቀምበት ብቻ የግል መድረክ እንደ መንግሥት አይቆጠርም አለ። ይኼኛውም ስህተት ነው አልልም። ሆኖም በገጠሩ ወላይታ ሰው የሚሰበሰብበትን፣ ለቅሶ የሚቀመጥበትን፣ ልጅ የሚቦርቅበትን ጉታራ አስቡ። አንድ ሀብታም መጥቶ ከአጠገቡ ሰፊ አዳራሽ ቢሠራ፣ መግቢያውን በነጻ ቢያደርግ፣ ቀስ በቀስ ሰው ሁሉ ጉታራውን ትቶ ወደዚያ ቢገባ፣ ለቅሶውም ሽምግልናውም እዚያ ቢሆን፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ባለ አዳራሹ በሩ ላይ ቆሞ «አንተ አትገባም፤ ለምን እንደ ሆነም አልነግርህም» ቢል በሕግ ትክክል ሊሆን ይችላል። ጎረቤት ግን አይደለም።

ሐዋርያው ጳውሎስም የአዳራሽ ችግር ገጥሞት ነበር። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 19ን ክፈቱ። በኤፌሶን ምኵራብ ሦስት ወር በግልጽ ተናገረ፤ ክፉ የሚያወሩበት ሲበዙ ደቀ መዛሙርቱን ይዞ ወጣ፤ ጢራኖስ በሚባል ሰው የትምህርት አዳራሽ ሁለት ዓመት በየቀኑ አስተማረ። ምኵራቡ የእርሱ አልነበረም፤ የጢራኖስም አዳራሽ የእርሱ አልነበረም። እኔ ክፍሉን ሳነብ የሚገርመኝ ጳውሎስ ከምኵራቡ ሲወጣ ደቀ መዛሙርቱን ይዞ መውጣቱ ነው። ሰዎቹን በስም ያውቃቸው ነበር፤ የት እንደሚያገኛቸው ያውቅ ነበር። የእኛ ገጽ ሲዘጋ 6,000 ተከታይ ነበረን፤ ስልኩን የምናውቀው አርባ ሰው አይሞላም።

መዝሙሮቹስ? ሃያ ሁለቱ በሳውንድማናችን ሃርድ ዲስክ ላይ ተገኙ። የቀሩት አሥራ አራቱ ድምፃቸው ጠፋ፤ ግጥማቸው ግን አንዲት አልቶ ዘማሪ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ በያዘችው ደብተር ላይ አለ። እንደ ባሮክ ናት ብለን ቀለድንባት። ንጉሥ ኢዮአቄም የኤርምያስን ጥቅልል በብራና ቢላዋ እየቀደደ እሳት ውስጥ ሲጨምር፣ ባሮክ ከኤርምያስ ሌላ ጥቅልል ተቀብሎ እንደገና ጻፈው፤ ቃልም ተጨመረበት። እርሷም ሁለቱን መዝሙር ስታስጠናን አዲስ አዝማች ጨመረችባቸው፤ ከበፊቱ ይሻላል።

አሁን ወደማይመቸን ነገር ልምጣ። ገጻችን ከመዘጋቱ ሁለት ሳምንት በፊት አንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ በወጣቶች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ጥያቄ ጻፈች፦ ለወጣቶች አገልግሎት የተሰበሰበው መባ ምን ላይ እንደ ዋለ ለምን አይነገረንም? ትሕትና የጎደለው አልነበረም። ማታ ላይ መልእክቱ ጠፋ፤ ጠዋት ላይ እርሷም ከግሩፑ ጠፋች። ያስወጣት አድሚን፣ ገጻችን በተዘጋ ማታ «ሳንሱር» ብሎ ከሁላችን በላይ የጮኸው ራሱ ነው። ይህን የምጽፈው እርሱን ለማሳፈር አይደለም፤ ተነጋግረንበታል፤ ጽሑፉንም ከመታተሙ በፊት አንብቦታል።

እርሱ ያቀረበው መከራከሪያ ቀላል አልነበረም። «ቤተ ክርስቲያንም እኮ የግል ቤት ናት፤ በመድረካችን ማን እንደሚያስተምር ሽማግሌዎች ይወስናሉ፤ ያን ማንም ሳንሱር አይለውም» አለ። ልክ ነው። መድረክ ጠባቂ ያስፈልገዋል፤ የሐሰት ትምህርት ሲመጣ «የንግግር ነጻነት ነው» ብሎ ዝም የሚል ሽማግሌ መንጋውን በትኗል። ግን በዚያው ቤት የምንመራበት ማቴዎስ 18 የሚባል ነገር አለ። ወንድም ቢበድል በመጀመሪያ ለብቻው ይነገረዋል፤ ካልሰማ ሁለት ወይም ሦስት ሰው ይጨመራል፤ ለቤተ ክርስቲያን የሚነገረው ከዚያ በኋላ ነው። ጥፋቱ ይነገረዋል፤ ይሰማል፤ ምስክር አለ፤ ደረጃ አለው። ያቺ ልጅ ከእነዚህ አንዱን አላገኘችም፤ ጥፋትም አልነበራትም። ያገኘችው እኛ ያገኘነውን ነው፤ እርሷማ የእንግሊዝኛዋንም አንድ መስመር አላየችም።

ከኩባንያዎቹ የምንፈልገውን አንድ ማታ በወረቀት ላይ ጻፍነው፦ ምክንያቱን ንገሩን፤ በምናውቀው ቋንቋ ንገሩን፤ ይግባኛችንን ሰው ይየው። ከዚያ አንዱ «ይህን ለግሩፓችንም እናድርገው» አለና ወረቀቱ ላይ ያለው «ኩባንያው» የሚለው ቃል ተሰርዞ «አድሚኑ» ተባለ። ልጅቷ ተመለሰች። ለጥያቄዋ መልስ የሰጡት የአገልግሎቱ ገንዘብ ያዥ ናቸው፤ በሁለት ገጽ፣ በእጅ ጽሑፍ፣ ፎቶ አንሥተው ለጠፉት። ደንቡ ከጸደቀ ወዲህ ሁለት መልእክት ተነሥቷል። አንዱ የገንዘብ ማትረፊያ ማስታወቂያ ነበር። ሁለተኛው በይግባኝ ታይቶ በሦስተኛው ቀን ተመልሶ ተለጥፏል።